ከመጠየቄ በፊት ያመንሁት

ክርስቲያን የሆንሁት በተወለድሁ በአርባ ቀኔ ነው። የክርስትና አባቴ በእኔ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አመነ። ሜሮኑን ስቀባ፣ ማተቡ በአንገቴ ሲታሰር፣ ሥጋ ወደሙን ስቀበል ማንም ፈቃዴን አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህም ስለ እግዚአብሔር የሰማሁትን አብዛኛውን ነገር የሰማሁት መመርመር ከመቻሌ በፊት ነው። እንግዲህ ዛሬ «እምነትን የተማርሁት ከልጅነቴ ነው» ስል ምን ማለቴ ነው? ተማርሁ ወይስ ለመድሁ?

ጥያቄውን አቅልዬ ላልፈው አልችልም። የጎረቤታችን ሙስሊም ልጅ እኔ በስመ አብ ማለትን በተማርሁበት ዕድሜ ቢስሚላህ ማለትን ተምሯል። እናቱ እንደ እናቴ ታምናለች፤ እንደ እናቴም ልጇን ትወዳለች። እኔ በእነሱ ቤት ብወለድ ኖሮ ዛሬ በዚያው ልክ ተረጋግቼ የእነሱን እናገር ነበር። ታዲያ የእኔ ልጅነት ከእሱ ልጅነት በምን ይበልጣል?

ይህን ነገር በአገራችን አጥብቆ ያነሣው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር እንደሚይዝ ጸሐፊው አይቷል፤ አዝኖበታልም። መጽሐፉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአክሱም ሰው ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የደረሰው ነው የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካነሣው ወዲህ አልተዘጋም። ለእኔ ግን ጥያቄው የማንም ቢሆን መልስ ይፈልጋል።

አስቀድሜ ትዝታን ራሱን ልመርምር። ብዙ ጊዜ በስብከት እንዲህ ሲባል እሰማለሁ፦ ልጅ ሳለሁ አባቴ እጄን ይዞ የሞላ ወንዝ አሻገረኝ፤ እግዚአብሔርም እንዲሁ ያሻግረናል። ሰሚው ይጽናናል። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ጎርፍ የወሰደው ልጅስ? የእሱም አባት እጁን ይዞት ነበር። የዚያ ልጅ ወንድም ምን ትምህርት ያውጣ? ሰባኪው ከትዝታው ትምህርት ያገኘ ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን ትምህርቱ አስቀድሞ በእጁ ነበረ፤ ትዝታው በኋላ ተመርጦ መጣለት። የማይስማማውን ትዝታ አልጠራውም። ለፈለግነው ሁሉ እሺ የሚል ምስክር ደግሞ ምንም አያስረዳም።

ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ትዝታን ለምስክርነት ከጠራሁ የማይታዘዘኝን ልጥራ። የሚያስከብረኝን ትቼ ያልወደድሁትን፣ ያፈርሁበትን፣ እስከ ዛሬ የሚከራከረኝን ልጥራ።

በፍልሰታ ልጀምር። ነሐሴ ሲገባ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ይጾማል። ከ1 እስከ 15 ድረስ በዝናብና በጭቃ እየተመላለስን፣ ነጠላችንን ተከናንበን ቅዳሴው እስኪያልቅ እንቆማለን፤ እንቆርባለን። ይህን ያየ ሁሉ የልጆች ንጹሕ እምነት ይለዋል። እኔ ግን ውስጡ ነበርሁ። የጾምሁት ጓደኞቼ ስለጾሙ ነው። ጾም ገዳፊ መባልን ስለፈራሁ ነው። ከቅዳሴ ስመለስ እናቴ እንደ ትልቅ ሰው ስለምታስተናግደኝ ነው። እግዚአብሔርን ስለ መውደድ ያሰብሁበትን ቀን አላስታውስም።

«እንግዲያስ» ይለኛል ተቃዋሚዬ፣ «ጾምህ ባዶ ነበረ።» አልቸኩልም። ነገርን የጀመርሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ የነገሩ እውነትነት ሌላ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርሁት ልምጩን ፈርቼ ነው። ፍርሃቱ ዛሬ የለም፤ ማንበቡ ግን አለ። ልምጭ ስላስተማረኝ ሀ ሐሰት አልሆነም።

ተቃዋሚዬ ግን በዚህ አይረታም፤ ሊረታም አይገባም። ፊደል መፈተኛ አለው፤ ያነበበ ሰው ቃሉን ያገኛል፣ ያላወቀ ይሳሳታል። እምነት በምን ይፈተናል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት እዚያው የልምጩ ቦታ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አባቶቻችን ፊደል ለለየ ልጅ መጀመሪያ የሚያስነብቡት የዮሐንስን የመጀመሪያ መልእክት ነው፤ ዳዊት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያልን ሳይገባን ደገምነው። የኔታ ስሕተታችንን እየሰሙ ልምጩን ያነሣሉ። በዚያ ሰዓት በአፋችን የነበረው ቃል ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን ወደ ውጭ እንደሚጥል የሚናገረው መልእክት ነበር። በፍርሃት ተንቀጥቅጠን ፍርሃትን የሚያወጣውን አነበብን። ይህ መልእክት መፈተኛውንም ይዟል፦ የሚያየውን ወንድሙን የማይወድ ሰው ያላየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ ቢል አይታመንም። ፈተናው በዐይን ወደሚታየው ሰው ወርዷል። ልጅም ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ ቅዱስ አውግስጢኖስን አስባለሁ። በኑዛዜው ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ፣ በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ወደ እግዚአብሔር ይለምን እንደነበረና ትልልቆቹ በግርፋቱ እንደሳቁ ያወሳል። የለመነው ስለ ዱላ ነው። እሱ ግን ያን ልመና አይንቀውም። እኔም አልንቀውም። ጸሎት ከትንሽ ነገር መጀመሩ ጸሎትነቱን አያስቀረውም።

አሁን ፈተናውን ይዤ ሌላ ትዝታ ልጥራ። ምሳ ቀርቦ ሳለ በደጅ «ስለ ማርያም» የሚል ድምፅ ይሰማል። እናቴ ከመሶቡ ታነሣና ወጥ ጨምራ «አድርስ» ትለኛለች። እንጀራው በቂ ያልሆነባቸው ቀኖች ነበሩ፤ በእነዚያ ቀኖችም ትልከኛለች። እየተነጫነጭሁ እሄዳለሁ። ምክንያቱን አስረድታኝ አታውቅም። ጥቅስ አልጠቀሰችም፤ «ይህን ተማር» አላለችም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፦ እናቴን የሚያዛት አለ። ያ የሚያዛት እኔ የማላየው ነው። ትእዛዙም የሚፈጸመው ለማየው ለተራበው ሰው ነው።

ተቃዋሚዬ ወዲያው ይመለሳል፦ «የሙስሊሙ ልጅ እናትም ትሰጣለች። ምን አተረፍህ?» አዎን፣ ትሰጣለች፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህ ትዝታ ክርስትና ከእስልምና እንደሚበልጥ አያስረዳልኝም። ሥላሴን አያስረዳልኝም፤ ቃል ሥጋ መሆኑንም አያስረዳልኝም። ከሚችለው በላይ አላሸክመውም። ነገር ግን ከማስረዳት የሚቀድም ነገር አለ። አንድ ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብዬ ከመጠየቄ በፊት ምን እንደሚል ሊገባኝ ይገባል። ወንጌል ክርስቶስ ራሱን ከተራቡትና ከታረዙት ጋር እንደቆጠረ ይነግረኛል። በደጁ የተራበ ሰው አይቶ የማያውቅ፣ ከገዛ መሶቡ ተነሥቶ ሲሰጥበት ቅር ያላለው ሰው፣ ይህን ነገር ይሰማዋል እንጂ ምን እንደሚያስከፍል አይገባውም። የልጅነት ትዝታ የሰጠኝ የሃይማኖትን ማስረጃ አይደለም። ሃይማኖት ስለ ምን እንደሚናገር ሰጠኝ። ይህ ከማስረጃ ያንሳል፤ ያለ እሱ ግን ማስረጃ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይነሣል። ትዝታ የቃላቱን ፍቺ ከሰጠ፣ ክፉ ትዝታም ይሰጣል። አባቱ ሰክሮ ይገርፈው የነበረ ልጅ እግዚአብሔር አባት ነው ሲባል ምን ይገባዋል? ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር «እግዜር ይቆጣሃል» የተባለ ልጅስ? እሱም ከልጅነቱ ተምሯል። የተማረው ግን የሚያደባ፣ የሚቆጥር፣ የሚቀጣ አምላክ ነው። የእኔን ትዝታ ተቀብዬ የእሱን በምን ልጥለው? ስለሚጣፍጠኝ ብቻ ከመረጥሁ የሰባኪውን መንገድ ሄድሁ።

በዚህ ብዙ ቆየሁ። መውጫ የሰጠኝ የብላቴናው የሳሙኤል ታሪክ ነው። ሳሙኤል በሴሎ በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ተጠራ፤ ተነሥቶም ወደ ዔሊ ሮጠ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። መጽሐፉ ልጁ ገና እግዚአብሔርን እንዳላወቀ ይናገራል። የእግዚአብሔር ድምፅ ለልጅ ጆሮ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ተሰማው። ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ልጅ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከአሳዳጊው ድምፅ አይለይም፤ መለየትም ከእሱ አይጠበቅም። መለየት የዔሊ ድርሻ ነበር። ዔሊም «እኔ አልጠራሁህም» አለው። ልጁ ሊታዘዘው ሮጦ መጥቷል፤ ዔሊ ግን መታዘዙን ለራሱ አላስቀረውም። በዚያ ሌሊት የመጣው ቃልም በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበር። ሲነጋ ሽማግሌው ልጁን ዝም አላሰኘውም፤ እንዳይሸሽገው አጥብቆ ጠየቀው፣ ሰምቶም ተቀበለ። ልጆቹን ሳይገታ የቀረ ሰው በዚህ ነገር ግን ታማኝ ሆኖ ተገኘ።

መለያው ይህ ነው እላለሁ። እግዚአብሔር ይቆጣሃል የሚል ወላጅ ብዙ ጊዜ የተቆጣው ራሱ ነው። የዔሊን ተቃራኒ ያደርጋል፤ የጠራው እሱ ሆኖ ሳለ እግዚአብሔር ጠራህ ይላል። የገዛ ቁጣውን ልጁ ሊከራከረው በማይችል ስም ያትመዋል። ይህን ትዝታ የምጥለው ስለመረረኝ አይደለም። ሁለት ድምፆችን ሆን ብሎ ስላደባለቀ ነው። እውነተኛው ትዝታ ደግሞ ጣፋጭ መሆን የለበትም፤ አሳዳጊው ከራሱ ወደሚበልጥ ያመለከተበት መሆን አለበት።

አያቴ የቤታችን ትልቅ ነበሩ። አባቴ እንኳ በፊታቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኚህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው በግንባራቸው ይሰግዳሉ፤ ደጁን ይሳለማሉ። ሊቆርቡ ሲያስቡ ደግሞ የቤት ሠራተኛችንን ጠርተው «ይቅር በይኝ» ይሏት ነበር። እኔ አፈርሁባቸው። ትልቅ ሰው ለሠራተኛ ዝቅ ማለቱ የዓለሜን ሥርዓት አፈረሰብኝ። ዛሬ ግን ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲናገር ለምን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደሚጀምር ይገባኛል።

«ሰው ለሌለ ነገርም ይሰግዳል» ቢሉኝ እቀበላለሁ። ስግደት የሚሰገድለትን መኖር አያረጋግጥም። አንድ ነገር ግን ያረጋግጣል፤ የሚሰግደው ሰው አምላክ አይደለም። ይህን በልጅነቱ ያየ ሰው የአባቶቹን ቃል የመጨረሻ ቃል አድርጎ አይይዘውም፤ አባቶቹ ራሳቸው ከእነሱ በላይ ወዳለው አመልክተዋልና። ስለዚህ መጠየቄ ከልጅነት እምነቴ አላወጣኝም። እንድጠይቅ ያደረገኝ የአያቴ መስገድ ነው። የሐተታው ዘርአ ያዕቆብም ከሞት ሸሽቶ ወደ ዋሻ ሲገባ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ ገብቷል፤ በእሱም ይጸልይ ነበር። የወረሰውን ሁሉ የመረመረው በወረሰው ጸሎት ነው።

ጳውሎስ የልጅነትን ጠባይ ሻርሁ ሲል፣ ጌታ ደግሞ እንደ ልጆች ሁኑ ሲል፣ ሁለቱ አይጣሉብኝም። ጳውሎስ የተናገረው ስለ ማወቅ ነው። ጌታ ሕፃኑን በመካከል ያቆመው ግን ደቀ መዛሙርቱ ማን ይበልጣል ብለው ሲጠይቁት ነው። ሳይመረምሩ ማመንን አላዘዘም። ልጅ ከሁሉ እንደማይበልጥ ያውቃል፤ ትልቅ ሰው ይህን ይረሳል።

ስለ ሙስሊሙ ጎረቤቴ ላነሣሁት ጥያቄ ገና መልስ አልሰጠሁም፤ በልጅነት ትዝታም ሊመለስ አይችልም። ክርስቶስ ማን ነው የሚለው በሌላ መንገድ፣ በመጻሕፍትና በታሪክ፣ በጸሎትም ይመረመራል። ልጅነቴ ለዚያ ምርመራ የሚያበቃኝን ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠይቀውም።

ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ እለምናችኋለሁ። ስትቆጡ «እኔ ተቆጥቻለሁ» በሉ፤ የእግዚአብሔርን ስም ለቁጣችሁ አታውሱ። ልጁ ሲጠይቃችሁ ዝም አታሰኙት፤ የማታውቁትንም አላውቅም በሉት። በፊቱ የበደላችሁትን ሰው በፊቱ ይቅርታ ጠይቁ።