ማን ነው የሚገፋው?

ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው የማታ ሥራዬ ስትሮለር ማየት ሆነ። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ። አንዱ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ሌላው የመኪና መቀመጫ ይገጠምለታል። ሌላው ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ይይዛል፤ የቡና ማስቀመጫ ሁሉ አለው። አሜሪካ ያለችው እህቴ "አንተ ብቻ ምረጥ፣ በሚመጣ ሰው እልካለሁ" ስላለችኝ ትልቅ ኃላፊነት የተሸከምኩ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ለፍጻሜ ያለፉትን ሦስቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየቻቸውና፣

"ማን ነው የሚገፋው?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ክብደቱን አውቃለሁ፣ የጎማውን ዓይነት አውቃለሁ፣ ዋጋውን በዶላርም በብርም አውቃለሁ። ይቺን ግን አንድም ቀን አላሰብኳትም።

መጀመሪያ ጥያቄዋ ተራ የቤት ውስጥ ሒሳብ መሰለኝ። እንደዚያም ነው። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ልቤን የሰጠሁት ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ 15 ኪሎ ይጠጋል። እሷ ብቻዋን ስትወጣ ምን ታድርግ? አራስ በክንዷ፣ የሦስት ዓመት ልጅ በእጇ ይዛ 15 ኪሎ ብረት በምኗ ታውርድ? ጋሪውን ብታስቀድም ልጆቹ ላይ ቤት ይቀራሉ፤ ልጆቹን ብታስቀድም ታች ማን ይጠብቃቸዋል? ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ የእግረኛ መንገዱ አንዱ ጋ ድንጋዩ ተነቅሏል፣ ሌላው ጋ መኪና ቆሞበታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገዳቸው በሰፋ፣ እንደ አራት ኪሎና ፒያሳ ባሉ ቦታዎች ጋሪ መግፋት ይቻላል። እኛ ጋ ግን ስፋቱ 75 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ባለ ሁለት ጋሪ ሱቅ በር ላይም መንገድ ላይም መሰንከሉ አይቀርም። በአጭሩ፣ የእኔ ምርጫ በሁለት ወር ውስጥ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ይሆን ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጥያቄዋ ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ፦ የመጀመሪያ ልጃችንን ማን ነበር የተሸከመው?

ያኔ ስትሮለር አልነበረንም። አለመኖሩንም እንደ አቋም ነበር የማወራው። "እኛ ልጅ የምናሳድገው በጀርባ ነው እንጂ በጎማ አይደለም" እል ነበር። አንቀልባ እወዳለሁ። ቆዳው፣ የተሰፋበት ዛጎል፣ ልጁ የአዛዩን ትንፋሽ እየሰማ ሸለብ ሲያደርገው። አሁንም እወዳለሁ። በአማርኛ ውለታን ስንናገር "አዝላ አሳደገችኝ" እንላለን፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ልጃችንን ካዘሉት ጀርባዎች አንዱ ግን የባለቤቴ አክስት ልጅ ጀርባ ነበር። ከገጠር ስትመጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። "እየተማረች ልጁንም ታያለች" ተባለ። ሁለት ከባድ ሥራ በአንድ ትንፋሽ ሲባል ቀላል ይመስላል። አንድ ማታ ልጁን በነጠላ አዝላ፣ እንዲተኛላት ወዲህ ወዲያ እያለች፣ ደብተሯን ፍሪጁ ላይ ዘርግታ ስታጠና አየኋት። ደስ አለኝ። ፎቶ አነሳኋትና ያቺን የጀርባና የጎማ አባባሌን ጽፌ ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ። "ባህላችን!" ያሉኝም ብዙ ናቸው።

በቅርቡ ያንን ፎቶ ፈልጌ አወጣሁት። አሁን ዓይኔ የሚሄደው ደብተሩ ላይ ነው። ለምን ቁጭ ብላ አላጠናችም? ቁጭ ስትል ልጁ ስለሚያለቅስ ነዋ። እኔስ የት ነበርኩ? ፎቶ እያነሳሁ።

በሌላ ሰው ጀርባ ባህልን ማድነቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እና ልጅ ማዘል ጥፋት ነው? አይደለም። ሳይሸከሙት ያደገ ሰው የለም። እኔም እናቴ ጀርባ ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ጀርባ ላይ ነው ያደግኩት። ልዩነቱ ያለው አንድ ነገር ላይ ይመስለኛል፤ የሚሸከመው ሰው "ዛሬ አልችልም" ማለት ይችላል ወይ? ጎረቤታችን "ዛሬስ ወገቤን ይዞኛል" ብላ ልጁን ልትመልስ ትችላለች። ስለዚህ ያዘለችበት ቀን ስጦታ ነው። ያቺ ልጅ ግን "ነገ ፈተና አለብኝ" ልትል ትችል ነበር? ማንም አልከለከላትም። ነገር ግን የምትበላው ከእኛ ማዕድ ነው፣ የምታድረው እኛ ቤት ነው፣ እኔን የምትጠራኝ "ጋሼ" እያለች ነው። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው የተቀበሉትን ነገር ስጦታ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። "ዘመድ ናት እኮ" የምትለው ቃል ደግሞ ነገሩን ታለሰልሰዋለች። ለዘመድ ደመወዝ አይጠየቅም፤ የዕረፍት ሰዓትም አይጠየቅም።

እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ ያሰብኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀናት። ሦስት ቀን እኮ ገንፎ ሊበላ የሚመጣውን እንግዳ ለማስተናገድም አይበቃም! ልጁ የማን ጀርባ ላይ እንደሚያድግ ከወዲሁ ታስቦ ያለቀ ነው።

የጋሪው የራሱ ታሪክም ከዚሁ ጥያቄ ጋር የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በትንሽ እንስሳ የሚጎተት የመኳንንት መጫወቻ ነበር። ቆይቶ እጀታ ወጣለትና በሰው የሚገፋ ሆነ፤ በሀብታም ቤት ገፊዋ ሞግዚት ነበረች። በ1965 ደግሞ ኦወን ማክላረን እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ፈለሰፈ። ሰውዬው ስፒትፋየር በተባለው የጦር አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ የሠራ መሐንዲስ ነው። ለፈጠራው ያነሳሳው ከሞስኮ ልትጠይቀው የመጣችው ልጁ ከባድ ጋሪ ይዛ ስትቸገር ማየቱ ነበር። ጋሪው 3 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር። እኔ ሦስት ሳምንት ጋሪ ሳይ ከረምኩ፤ እሱ ያየው ጋሪውን የያዘችውን ሰው ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጄን አዝዬ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። እሽኮኮ አዎ፤ በጥምቀት ሕዝቡ መሐል ትከሻዬ ላይ አውጥቼዋለሁ። እሽኮኮ ግን ጨዋታ ነው፣ ሲደክምህ ታወርዳለህ። ማዘል ሥራ ነው። ያላዘልኩት ጀርባዬ ደካማ ስለሆነ አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። የጋሪ እጀታ ግን ወንድ ሴት አይልም። ስለዚህ ስትሮለር ለእኔ የምቾት ዕቃ ሳይሆን ሰበቤን የሚያሳጣኝ ዕቃ ነው።

ያሳጣኛል ማለት ግን ይለውጠኛል ማለት አይደለም። እሑድ እሑድ በሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ ብትወጡ ታያላችሁ፤ ወላጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ ከኋላቸው አንዲት ልጅ ውድ ጋሪ ትገፋለች። ያው ጀርባ ነው፣ ጎማ ወጣለት እንጂ።

በመጨረሻ የመረጥነው 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ባለ አንድ መቀመጫ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ነው። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ጋደም ይላል፤ ጨቅላ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ አንገቱና ጀርባው ስለማይጠና ቀጥ ብሎ መቀመጥ የለበትም። ቀበቶው ትከሻውን፣ ወገቡንና በእግሮቹ መሐል ይይዛል። ለታላቁ ከኋላ የሚገጠም መቆሚያ ሰሌዳ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሱ "አንተ ታላቅ ነህ፣ በእግርህ ሂድ" ልለው አስቤ ነበር። ግን ሦስት ዓመቱ ነው። ታላቅ የሆነው ጠይቆ አይደለም። ስንት ታላላቅ እህቶች በዚህች ቃል ምክንያት ነው በሰባት ዓመታቸው ታናሻቸውን ያዘሉት?

ለባለቤቴ የአክስት ልጅም ደወልኩላት። አሁን ኮሌጅ ገብታለች። የፎቶውን ነገር አንስቼ ይቅርታ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። "ጋሼ ደግሞ! ልጁን እኮ እወደው ነበር።"

አምናታለሁ። በጣም ትወደው ነበር። መውደዷ ግን የእሷ ነው፤ የእኔ ሰበብ አይሆንም።

ጋሪው ባለፈው ሳምንት በሰው ሻንጣ ደረሰ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፈናል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኔ ነኝ፤ ደረጃውንም ጨምሮ።