ቀሚሱና ለባሿ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት መንቀፍ እንጀራዬ ነው። የንስሐ አባቴ በሰው መፍረድ ለእግዚአብሔር የተተወ ነው ይላሉ። ይሁን፤ ታዲያ የተጣመመ ቅምቅማት እያየሁ ዝም ልበል?

አይስላንዳዊቷ ዘፋኝ ቢዮርክ በ2001 እ.ኤ.አ. የኦስካር ቀይ ምንጣፍ ላይ፣ አንገቷ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ወፍ የሚመስል ቀሚስ ለብሳ፣ እንቁላል እየጣለች ስታልፍ ብዙ ሰው ሳቀባት። እኔ ግን የቀሚሱን ንድፍ አውጪ የማርያን ፔዮስኪን እጅ ነው ያየሁት፤ ያን ሁሉ ስስ ጨርቅ ማቆም ቀላል መሰላችሁ? ቀሚሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ለእይታ ቀረበ። (ለልጄ ግን አልሰፋላትም።)

ቅምቅማቱ ቢጣመም ጥፋቱ የሰፊው ነው፤ እናገራለሁ። ስለ ለባሿ «አብዳለች» የሚለው ፍርድ ግን ስለ ጨርቁ ምን ነገረኝ?