የውኃ ዕዳ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል በሀብት መካከል ተቀምጦ ለሚቸገር ሰው የሚነገር ነው። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት አባባሉ ምሳሌነቱ ይቀርና ቃል በቃል እውነት ይሆናል። ኀምሲን የተባለው ነፋስ በሚነፍስበት፣ ሙቀቱም ከአርባ ዲግሪ በሚያልፍበት በዚያ ወቅት ከቤት ዕቃ ሁሉ የሚከበረው ጀሪካንና በርሜል ነው። ውኃ ሲመጣ ይሞላሉ፤ ሲሄድም ከውስጣቸው በጣሳ እየተለካ ይቀዳል። ይሁን እንጂ በተሞላው ጀሪካን ፊት ቆሞ «ይህ ውኃ ከየት መጣ? ከማንስ ድርሻ ተቀነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከባድ የግብረ ገብ ጉዳይ በውስጡ ይዟል። ውኃን የመጠበቅ ግዴታ የማን ነው? ምንጩ በደጃፉ ያለው ሰው ብቻ ነው ወይስ ከሩቅ ሆኖ የሚጠጣውም ጭምር?

ጅቡቲ ከተማ በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስትቆረቆር ሕይወቷ የተመሠረተው በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር በነበሩት ጉድጓዶች ላይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአገሪቱ የለም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ከሥሯ ባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በጥልቅ ጉድጓዶች እየሳበች ኖረች። በባሕር ዳር መሬት ውስጥ ግን ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ስለሚቀል በላዩ ተንሳፎ ይኖራል። የጣፋጩ ውኃ ከፍታ በአንድ ሜትር በቀነሰ ቁጥር ጨዋማው ከሥር እስከ አርባ ሜትር ሊነሣ እንደሚችል የመስኩ ሊቃውንት ካሰሉ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በጅቡቲም የታየው ይኸው ነው፤ ከመጠን በላይ በተሳበ መጠን የጉድጓዶቹ ውኃ ጨው ጨው እያለ መጣ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለወንዝ ሙላት ቢሆንም ለጉድጓድም ይሠራል። ጥፋቱ የሚመጣው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ነውና ማንም «ዛሬ አጠፋሁ» አይልም።

ይህ ችግር ሁለት መፍትሔዎችን ወለደ። አንደኛው በ2021 በዶራሌ ተመርቆ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲያመርት የታቀደው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ የተዘረጋው መስመር ነው። በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ሀዳጋላ በተባለው ሥፍራ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ወደ ጅቡቲ እንዲያደርስ ከቻይና በተገኘ ብድር የተሠራው ይህ መስመር በ2017 ተመርቋል። በስምምነቱ መሠረት ኢትዮጵያ ውኃውን ለሠላሳ ዓመታት ያለ ክፍያ ትሰጣለች። በካርቲየ 2 የሚቀመጠው ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ሳያውቀው ካገሩ ከርሠ ምድር የወጣ ውኃ ሊጠጣ ይችላል ማለት ነው።

«ሒሳቡን የከፈለ ሰው ሌላ ምን ዕዳ አለበት?» የሚል ይኖራል። በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ግን የቧንቧው፣ የፓምፑና የሠራተኛው ዋጋ ነው፤ የውኃው ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ውኃው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ሁልጊዜ «ሰጪው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ስምምነቱን የፈረሙት መንግሥታት ናቸው። ከጉድጓዶቹ በላይ ባለው ምድር ከብትና ግመል እያሰማሩ የሚኖሩት ግን አርብቶ አደሮች ናቸው። የኢሳ ሶማሌዎች በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ «ሔር ኢሳ» የተባለ ሕግ አላቸው፤ በ2024 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ነው። ሕገ ባህል ባለው ሕዝብ ምድር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ባለቤት እንደሌለው ባዶ ዕቃ ሊታይ አይገባውም። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ውኃ ሲተሳሰሩ፣ ሩቅ ያለው ጠጪ ቅርብ ላለው ሰው ቢያንስ የመታወስ ዕዳ አለበት።

መታወስ ብቻውን ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ያስተውል። ቀድሞ አለማያ ይባል የነበረው ይህ ሐይቅ የሐረር ከተማ መጠጥ ነበር። በአንድ በኩል ከተሞቹ፣ በሌላ በኩል የጫትና የአትክልት ማሳዎች በፓምፕ ሳቡት፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም ሞላው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት በወለሉ ላይ ተሰማራ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ለማስመጣት ተገደደች። በዚያው አካባቢ የሚለቀመው ጫት ደግሞ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ ይጓዛል። በካርቲየ 2 ከቀትር በኋላ የሚፈታው እስር ከሐይቁ ውኃ ጥቂቱን በቅጠል መልክ ይዞ ይመጣ ነበር። የጫነውም፣ የሸጠውም፣ የቃመውም ሐይቅ አደርቃለሁ ብሎ አላሰበም፤ ሐይቁን ያደረቁት ግን በአንድነት ነበሩ። ሆኖም ታሪኩ በድርቅ አልተዘጋም። በዙሪያው ባሉት ተዳፋቶች የአካባቢው ሕዝብ በሠራው የአፈርና የውኃ ጥበቃ ሥራ፣ በዝናቡም እገዛ፣ ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ ታይቷል።

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የጋራ ሀብት ሁሉ ለጥፋት የተዳረገ ነው ሲል ጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ የሁሉም የሆነው ያልቃልና። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ይህን አልተቀበለችም። የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለ የከርሠ ምድር ውኃ ላይ ነበር። እዚያም እንደ ጅቡቲ ሁሉ ብዙ ከመሳብ የተነሣ የባሕር ውኃ ወደ ጉድጓዶቹ ይገባ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ የሚስበውን ለካ፤ በፍርድ ቤት ፊት ድርሻቸውን ለመቀነስ ተስማሙ፤ በጠረፉም ንጹሕ ውኃ ወደ መሬት እየመለሱ ጨዋማውን ገቱ። ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የሥራዋ ፍሬ ነገር ሰዎች መልአክ ናቸው የሚል አይደለም፤ የሚተያዩና የሚለካኩ ከሆነ ሊጠብቁ ይችላሉ የሚል ነው።

ይህን የቦረና ሽማግሌዎች ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። በኤላዎቹ ላይ የከብቱን ተራ የሚጠብቅና ሥራውን የሚመራ አባ ሄሬጋ አለ። ወጣቶች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ገንዳው በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ለተጠማ ሰው ውኃ አይከለከልም። የከብት ተራ ግን ከሥራና ከሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ጠጪና ጠባቂ አንድ ሰው ናቸው። ቧንቧ ሸክምን ከሰው ትከሻ ላይ አውርዶ ታላቅ በጎ ነገር ሠርቷል፤ በዚያው ግን ጠጪውን ከጠባቂው ለይቶታል።

በአንዲት ጀሪካን የሚኖር ቤተሰብ እንደ ወደቡ፣ እንደ ሆቴሉና እንደ ጦር ሰፈሩ እኩል ተጠያቂ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዕዳ የሚለካው በተወሰደው ልክ ነውና ብዙ የሚወስደው ቀድሞ ይጠየቃል። ነገር ግን ትንሹ ጠጪ ዕዳው ትንሽ ነው ማለት ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። የሚንጠባጠብ ቧንቧን ማስጠገን፣ የፈነዳ መስመርን ማመልከት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምንጩን ደኅንነት መጠየቅ በእጁ ነው። የሀዳጋላ ጉድጓዶች የውኃ ከፍታ በየዓመቱ ተለክቶ በሁለቱም አገር ሕዝብ ቢታወቅ፣ በምንጩ ዙሪያ የሚኖሩትና በከተማ የሚጠጡትም የሠላሳ ዓመቱ ዘመን ሳያልቅ ፊት ለፊት ተገናኝተው ቢነጋገሩ፣ ስጦታው ስጦታ ሆኖ ይቆያል። ካልሆነ ግን ጅቡቲ በራሷ ጉድጓድ ያየችውን፣ ሐረርም በሐይቋ ያየችውን፣ ሲቲም ነገ በምድሯ ልታየው ትችላለች። ያን ጊዜ የካርቲየ 2 ነዋሪ «አላወቅሁም ነበር» ቢል ምንጩ በደጃፉ ለነጠፈበት አርብቶ አደር መልስ አይሆነውም።