በደን ተከቦ ጥላ ማጣት

ከሚዛን አማን ከተማ ወደ ቴፒ ሲኬድ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ዝናቡም ምድሩን ለረጅም ጊዜ አያስጠማውም። እንዲህ ባለ አገር የከተማ መናፈሻ ይሠራ ማለት ለብዙዎች ቅንጦት ይመስላል፤ «ዙሪያችን ሁሉ ደን አይደለም ወይ?» ይላሉ። ነገሩ ግን የዛፍ ብዛት ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ምንም ሳይገዛ፣ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሳይባል አረፍ የሚልበት ጥላ አለው ወይ ነው ጥያቄው። የአረንጓዴ ቦታ ፍትሕ የሚለካው ዓይን በሚያየው ሳይሆን ሰው በነፃነት በሚቀመጥበት ነው።

ዙሪያውን በባለይዞታ ብንከፋፍለው ይህ ግልጽ ይሆናል። ከሚዛን ብዙ ሳይርቅ ያለው የበበቃ ቡና እርሻ 10,000 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ እርሻ ነውና የሚገባበት ለሥራ ነው። የገበሬው የጓሮ ቡና የገበሬው ነው። በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የሸካ ደንም ለጥበቃ የተከለለ ነው። ሦስቱም በየራሳቸው ምክንያት ተገቢ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ለከተማው ነዋሪ ማረፊያ ተብለው አልተያዙም። በከተማው ውስጥም ሰፊ ግቢ ያለው ሰው በራሱ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በአንዲት ክፍል ከነልጆቹ ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ ለቡና ለቀማ ከሩቅ የመጣው ወጣት ግን ከቤቱ ሲወጣ የሚጠብቀው መንገድ ብቻ ነው። የጋራ ጥላ አብልጦ የሚያስፈልገው የራሱ ለሌለው ነው።

ውኃና መንገድ ሳይሟላ ስለ መናፈሻ ማውራት ቅደም ተከተል ማዛባት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ነገም ሊሠራ ይችላል፤ ተሸንሽኖ የተገነባበትን መሬት ማስመለስ ግን ካሳና ማፈናቀል ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲመሠረት ሚዛን አማን ከቦንጋ፣ ከቴፒና ከተርጫ ጋር የክልል መቀመጫነትን ተጋርታለች። መሥሪያ ቤት ሲመጣ ቤት ፈላጊ ይመጣል፤ የመሬትም ዋጋ ይንራል። ቦታ መከለል ከመገንባት እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጊዜው ግን ሲያልፍ አይመለስም።

ሌላው ተቃውሞ «ነፃ የሆነ ነገር ይበላሻል፤ መግቢያ ይከፈልበት» የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ በክፍያ የሚገባበት ነው፤ ታሪካዊ ሕንፃና ቅርስ ላለበት ሥፍራ ይህ ምክንያት አለው። የሰፈር ጥላ ግን ለጉብኝት ሳይሆን ለዕለት ኑሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም የጠቆመው ከመኖሪያ ቤት በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ የግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ነው፤ በዓመት አንዴ የሚታይ ትልቅ መናፈሻ ይህን አይተካም። ሥርዓት ያለ ቲኬት እንደሚጸና ደግሞ አካባቢው ራሱ ምስክር ነው፤ በሸካና በከፋ የኮቦ ልማድ የደኑን ክፍል ማን ቀፎ እንደሚሰቅልበት ለይቶ ያስከብር ነበር። ያ ሥርዓት ከእንከን የጸዳ አልነበረም፤ በዚያው ምድር የማንጆ ማኅበረሰብ በትውልዱ ምክንያት ተገልሎ ኖሯል። ስለዚህ ከልማዱ የምንወስደው ጥበቃውን እንጂ ማግለሉን መሆን የለበትም። ቅርንጫፍ የሚሰብረውን መከልከል ተገቢ ነው፤ ልብሱ ያደፈውን ሊስትሮ ማባረር ግን ጥበቃ አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል። ይህ መብት በሚዛን አማን ትርጉም የሚኖረው ቀሪው መሬት ተሸንሽኖ ሳያልቅ የወንዝ ዳርቻዎችና በየቀበሌው አንድ አንድ ቦታ በፕላን ሲከለሉ፣ አጥር ሳይሆን ተንከባካቢ ሲመደብላቸው ነው። የቀን ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ደርሶ ያለ ክፍያና ያለ ፍርሃት የሚቀመጥበት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ከተማው አረንጓዴውን በፍትሕ አካፍሏል ሊባል አይችልም።