የእጅ ፍሬን የት ይቀመጥ?

ሰው ለራሱ በሚሠራው ነገር ላይ ምን ያህል ነጻ ነው? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ፈላስፎች ስለ ንብረት፣ ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ሲጽፉ ደጋግመው አንስተውታል። ይሁንና ትልቅ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በትንሽ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በቤቱ ጋራዥ ውስጥ የራሱን መኪና ለሚገጣጥም ሰው ይህ ጥያቄ ከአንድ ክንድ የማትረዝም ብረት ሆኖ ይመጣል፦ የእጅ ፍሬን የት ይቀመጥ?

መኪናን በክፍልፋይ ገዝቶ፣ ወይም ከአሮጌ መኪና ዕቃ አሰባስቦ፣ በቤት ውስጥ መገጣጠም በእንግሊዝ አገር ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ኮሊን ቻፕማን የመሠረተው የሎተስ ኩባንያ በ1957 እ.ኤ.አ. «ሰቨን» የተባለችውን ቀላል መኪና ሲያወጣ፣ ሳይገጣጠም በሚሸጥ መኪና ላይ የግዢ ግብር ስለማይጣል፣ ብዙ ገዢዎች ዕቃውን ተረክበው ራሳቸው ይገጣጥሙት ነበር። በ1973 ያ ግብር ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ። ጥቅሙ ቢቀርም ፍቅሩ ግን አልቀረም፤ በዚያው ዓመት ካተርሃም የተባለው ድርጅት ሰቨንን የመሥራት መብት ተረከበ። በ1996 ደግሞ ሮን ቻምፒዮን ከ250 ፓውንድ ጀምሮ የራስን መኪና መሥራት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ።

ከፋብሪካ በወጣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የእጅ ፍሬኑን ፈልጎ አያገኝም፤ እጁ ራሱ ያገኘዋል። ሌሎች አስቀድመው ተጨንቀውበታልና። በቤት በሚሠራ መኪና ግን ያ ጭንቀት የባለቤቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ነው፤ እንደ ኬንያና እንደ ኡጋንዳ ሁሉ በእንግሊዝም ሾፌር በቀኝ ስለሚቀመጥ ማንሻው ለግራ እጁ ይሆናል። ሁለተኛው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ በቀደሙት ሰቨኖች ላይ ማንሻው እዚያ፣ በተሳፋሪው በኩል ነበር። ሦስተኛው በሾፌሩ መቀመጫና በመኪናው ጎን መካከል ነው።

ሁሉም ዋጋ ያስከፍላሉ። በጠባብ መኪና ውስጥ መካከለኛው ቦታ የክርን ማሳረፊያን ይሻማል፤ ከካምቢዮውም ጋር ይጋፋል። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ቦታ ያተርፋል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ትከሻ ከመቀመጫው ጋር የሚያስር የውድድር ቀበቶ የታጠቀ ሾፌር ወደ ፊት ማጎንበስ ስለማይችል እጁ ላይደርስ ይችላል። በጎን በኩል ያለው ለሾፌሩ ይመቻል፤ ሲገባና ሲወጣ ግን እግሩን ይይዘዋል፣ ከተሳፋሪውም እጅ ፈጽሞ ይርቃል።

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አለመሆኑን ለመረዳት የእጅ ፍሬን ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በእግር የሚረገጠው ፍሬን በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ሾፌሩ እግሩን ሲያነሳ ግፊቱም አብሮ ይነሳል። የእጅ ፍሬን ግን በካቦ ተስቦ፣ በጥርስ ተቆልፎ፣ ሰው በሌለበት ይሠራል። ባለቤቱ ገበያ ሄዷል፣ ወይም ተኝቷል፤ ብረቱ ግን ቃሉን ይጠብቃል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ሰው በራሱ ቦታ ተክቶት የሚሄድ ጠባቂ ነው።

ጠባቂው ብርታቱን የሚያገኘው ደግሞ ከተተከለበት ቦታ ነው። እጅ የሚይዘው ጫፍ ከማሽከርከሪያው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ካቦው የታሰረበት ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የእጅ ኃይል 6 እጥፍ ሆኖ ወደ ካቦው ይሄዳል። ቦታው ስላልተመቸ ማንሻው ቢያጥር ይህ እጥፍ ይቀንሳል፤ ካቦው ብዙ ጊዜ ቢጠመዘዝ ደግሞ ፍትጊያው የቀረውን ይበላዋል። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ቁጥር 13-ኤች ጭነቱን የያዘ መኪና በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ እንዲቆም ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ኃይልም ከ400 ኒውተን፣ ማለትም 40 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ ለማንሳት ከሚበቃው፣ እንዳይበልጥ ይወስናል። ክንዱን ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ብቻ ማንሻውን የሚነካ ሰው ይህን ያህል ኃይል ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ «መኪናው የእኔ ነው፤ የምነዳውም እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰው ከፋብሪካ የተዘጋጀውን ትቶ በገዛ እጁ የሚደክመው የራሱን ክንድ፣ የራሱን ቁመት የሚያውቅ ዕቃ ለማግኘት ነው። ለሁሉም እንዲሆን የተሠራ ነገር ለማንም በትክክል አይሆንም ቢል ሐሰት አልተናገረም። የቤት ሥራ ደስታውም ክብሩም ይኸው ነው።

ሆኖም ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ለዚህ ሰው የሚሆን ትእዛዝ አለው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከላይ ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ያዝዛል። ቤቱ የራሱ ነው፤ ጣራውም የራሱ ነው። መከታው ግን ገና ላልመጣው እንግዳ፣ ስሙ ለማይታወቀው ሰው የሚቆም ነው። ባለቤቱ የጣራውን ጠርዝ ያውቀዋል፤ እንግዳው አያውቀውም። የእጅ ፍሬንም የመኪና መከታ ነው። ከዳገቱ በታች የሚጫወተው ልጅ ማንሻው የት ይሁን ተብሎ አልተጠየቀም። ከዓመታት በኋላ መኪናውን የሚገዛው ሰውም አልተጠየቀም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ፣ ሰዎች በማኅበረሰቡ ውስጥ የትኛው ዕጣ እንደሚደርሳቸው ሳያውቁ ሕግ ቢያወጡ ፍትሐዊ ሕግ ያወጡ ነበር ብሎ ተከራክሯል። ሐሳቡ የተነገረው ስለ ማኅበረሰብ መሠረት ነው፤ ለሁለት መቀመጫ መኪናም ግን ይሠራል። ሠሪው ነገ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ ባያውቅ ማንሻውን የት ያደርገው ነበር? ምናልባት የሚነዳው ሌላ ሰው፣ ያም ሰው በጉዞ ላይ ራሱን የሚስት፣ እርሱ ደግሞ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ማንሻውን መሳብ እንዲችል ይጠይቃል። ይህ ዝቅተኛው ወለል ነው። ከወለሉ በላይ ያለውን የሚጠይቀው ኅሊና ነው።

ይህ ጉዳይ ከጋራዥም ይወጣል። በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ የጭነት መኪና ሲቆም ረዳቱ ዘልሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲወትፍ ያላየ የለም። ድንጋዩ ብልህነት ነው፤ ፍሬኑ ላይ ያለውን ጥርጣሬ በግልጽ የሚናገር ታኮ ነው። ነገር ግን መኪናው ሲነሳ ድንጋዩ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በምሽት የሚመጣው ሌላ ሾፌር ይጋጨዋል። ሾፌሩና ረዳቱ የራሳቸውን አደጋ በሚገባ አስወግደዋል፤ ያስወገዱት ግን ለኋለኛው በማስረከብ ነው። ብዙ የሥነ ምግባር ጥፋት እንዲህ ነው፤ ከክፋት ይልቅ የራስን ጉዳይ ጨርሶ ወደ ኋላ ካለመመልከት ይመጣል።

የቤት መኪና ሠሪውም ድንጋዩን የሚጥለው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በቅደም ተከተል ነው። ሞተሩ ይቀድማል፤ ካምቢዮው፣ መሪው፣ ቀለሙ ይከተላል። የእጅ ፍሬን ተራው ሲደርስ የመሃሉ ቦይ ተዘግቷል፣ ወንበሮቹ ታስረዋል፤ ማንሻው የሚገባው በተረፈው ቦታ ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። ጥንቃቄ ያለው ሰው ግን ከብየዳ በፊት ወንበሩን ያስቀምጣል፤ ቀበቶውን ታጥቆ ይቀመጣል፤ የማንሻውን ቅርጽ ከእንጨት ወይም ከካርቶን ቆርጦ ቦታውን ይሞክራል። ከዚያም ተነስቶ በሌላኛው ወንበር ይቀመጥና ከዚያም ሆኖ እጁን ይዘረጋል። በመጨረሻ ከእርሱ የሚያጥር ሰው ጠርቶ እንዲሁ ያስደርጋል።

ይህ ሙከራ በአብዛኛው ወደ መካከለኛው ቦታ ይመራል፤ ሁለት እጆች የሚደርሱበት እርሱ ነውና፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ካቦም ብዙ ሳይጠመዘዝ የሚያልፍበት ነው። የክርን ማሳረፊያ ቢጠብ የሚጠበው ለባለቤቱ ነው፤ ጥበቱንም አውቆና ፈቅዶ ይቀበለዋል። መኪናው ጠቦ ሌላ ቦታ ግድ ቢሆንበት እንኳ፣ ማን ከማንሻው እንደራቀ ያውቃል፤ ለሚሳፈረውም ከመነሳቱ በፊት ይነግረዋል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ነጻነቱ አይነካም፤ ግን ከምቾቱ የቱን እንደሚተው ሲመርጥ፣ ምርጫው ያልተጠየቁትን ሰዎች አስቦ የተደረገ መሆን አለበት።