አዙሪት ራሱን የቻለ ነገር ነውን?

በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፤ አቅጣጫውን በዋናነት የሚወስነው የኤሌክትሮኖቹ ስፒን የሚባለው ባሕርይ ነው። በተለመደው ማግኔት ስፒኖች ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። በአንዳንዶቹ ግን መሐል ላይ ወደ ታች፣ ዳር ላይ ወደ ላይ ሆነው በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዙ አዙሪት ይሠራሉ። አዙሪቱ በብሪታንያዊው የፊዚክስ ሊቅ በቶኒ ስካይርም ስም ስካይርሚዮን ይባላል። ታዲያ ይህ ራሱን የቻለ ነገር ነው ወይስ የአቶሞች አኳኋን ብቻ?

ጥያቄው የሚጎላው ማግኔታዊው ሥርዓት ራሱ መጽናቱ በሚያጠራጥርባቸው ስስ ንብርብሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የፊዚክስ ሊቃውንቱ መርሚንና ዋግነር አንድ ነገር አረጋገጡ፦ ስፒኖች ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል መዞር ከቻሉና በቅርብ ባሉት ላይ ብቻ ተጽዕኖ ካሳደሩ፣ በሁለት ልኬት በተዘረጋ ቁስ ውስጥ ከፍጹም ዜሮ የሙቀት መጠን በላይ ማግኔታዊ ሥርዓት አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ባለ አንድ ንብርብር ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ከ45 ኬልቪን በታች ማግኔት ሆኖ ተገኘ። ሕጉ አልተሻረም፤ ክሪስታሉ ለስፒኖቹ አንድ አቅጣጫ ስለሚያስመርጣቸው ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም። ስካይርሚዮኖችም ብረት፣ ጀርማኒየምና ቴሉሪየም ባሉበት ንብርብራዊ ቁስ ውስጥ ታይተዋል።

አዙሪቱ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም የሚል ሰው በሀዋሳ ባህል አዳራሽ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ሃያ ሰዎችን በምሳሌነት ሊያነሣ ይችላል። የሚቆጥራቸው ሰው ሃያ ይላል እንጂ ክቡን ጨምሮ ሃያ አንድ አይልም። ሲበተኑም ክቡ የትም አይሄድም፤ ያከትማል።

ምሳሌው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ስካይርሚዮን በኤሌክትሪክ ፍሰት ሲገፋ ይጓዛል፤ አቶሞቹ ግን ከቦታቸው አይነሡም፣ ተራቸው ሲደርስ ስፒናቸው ዞሮ ይመለሳል እንጂ። ጨፋሪዎቹ ባሉበት ቆመው ክቡ ብቻ ከአዳራሹ ጥግ ወደ ጥግ ቢሄድ፣ ክቡ ማለት እነዚህ ሃያ ሰዎች ናቸው ማለት አይቻልም ነበር። በተጨማሪም ስፒኖቹ ሁሉንም አቅጣጫዎች ስንት ጊዜ እንደሸፈኑ የሚገልጸው ቁጥር ሙሉ ቁጥር ስለሆነ፣ በዝግታ በሚመጣ ለውጥ ግማሽ ወይም ሩብ ሊሆን አይችልም። በገመድ መሐል ያለ ቋጠሮ ገመዱን በማወዛወዝ ብቻ እንደማይፈታ ሁሉ፣ አዙሪቱም በቀላል መናወጥ አይጠፋም።

ቋጠሮ ያለ ገመድ እንደማይኖር አዙሪቱም ያለ አቶሞች አይኖርም፤ ከንብርብሩ ዳር ሲደርስ ወይም ከአቶሞች ርቀት ጋር እስኪቀራረብ ሲያንስ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ «ራሱን የቻለ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። ያለ ሌላው መኖር ማለት ከሆነ ስካይርሚዮን ራሱን አልቻለም። ተሸካሚዎቹ ሲፈራረቁ ያው ሆኖ መቆየት ማለት ከሆነ ግን ችሏል።