በመያዣ የተያዘ ቤትና የክርስቲያን ኅሊና



በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ሕዝብ ለእህል መግዣና ለንጉሥ ግብር ሲል እርሻውን፣ የወይን ቦታውንና ቤቱን በመያዣ ሰጠ። መክፈል ባቃተውም ጊዜ ልጆቹ ወደ ባርነት ይወሰዱ ጀመር (ነህ. 5፥1-13)። ጩኸታቸው የጥንት ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከሮቤና ከጎባ ደጋ የስንዴና የገብስ ማሳ አንሥቶ እስከ አንገቱና እስከ ሐረና ደን ቡና ድረስ፣ ቤቱን አስይዞ የተበደረና ንግዱ የከሰረበት ወንድም ዛሬም በመካከላችን ይገኛል። በአጨዳ ወቅት የጣለ ዝናብ፣ የቡና ዋጋ መውደቅ ወይም የአንድ አባወራ ረጅም ሕመም ታታሪውን ሰው እንኳ ባለዕዳ ያደርገዋል። ስለዚህ መክሰር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ላለመክፈል አስቦ መበደርና እየቻሉ መካድ ነው (መዝ. 37፥21)።

በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ ባንክ በመያዣነት የሚቀበለውም በአብዛኛው በከተማ የተሠራውን ቤት ነው። ይህ ቤት ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ተበዳሪው በውሉ መሠረት ካልከፈለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ሠላሳ ቀን አጭር ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያውን ደብቆ በዝምታ ለሚያሳልፈው ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ያጥራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለምን?

እንግዲህ ባለዕዳው ምን ያድርግ? በኤልሳዕ ዘመን የነበረችውን መበለት እንመልከት (2ነገ. 4፥1-7)። አበዳሪው ልጆቿን ሊወስድ በመጣ ጊዜ ችግሯን ለእግዚአብሔር ሰው ገለጠች፤ ከጎረቤቶቿ ማድጋ ለመዋስ አላፈረችም፤ ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን ከፈለች፤ በቀረውም ከልጆቿ ጋር ኖረች። ቅደም ተከተሉ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ በቤት ውስጥ ይገለጥ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት በመያዣ እንዲሰጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ በአንድ ልብ የፈረሙ ባልና ሚስት መከራውንም በአንድ ልብ ሊሸከሙት ይገባል። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ወደ ባንኩ ሄዶ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጋዴ የሆነውም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ንግዱን መልሶ ለማደራጀትና ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ለመስማማት መንገድ እንዳበጀ ይወቅ፤ ሕግ አዋቂም ያማክር። ሦስተኛ፣ ቤቱን ማዳን የማይቻል ከሆነ፣ ሐራጅ ከመድረሱ በፊት ከባንኩ ጋር ተስማምቶ ለራሱ ገዢ መፈለግ ይሻላል፤ በሐራጅ የተሸጠ ቤት ዋጋውን ላያገኝ ይችላል፤ ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪው ይፈለግበታል።

ከሁለት ነገሮች ግን እንጠንቀቅ። ንብረትን በዘመድ ስም አዙሮ መደበቅ በገንዘብ ጠያቂውና በዋሱ ላይ የሚፈጸም ስርቆት ነው። የባንክን ዕዳ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ መበደርም ከእሳት ወደ ረመጥ መግባት ነው። በቀድሞ ዘመን ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ እርስ በርሳቸው ተቋጥረው ቁራኛ ይሆኑ ነበር። አራጣ የዘመናችን ቁራኛ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣዋል።

ወደ አበዳሪውም እንመለስ። የሙሴ ሕግ አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ድሃው ቤት እንዳይገባ፣ የድሃውንም መጎናጸፊያ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስ፣ ወፍጮውንም በመያዣነት እንዳይወስድ ያዝዛል (ዘዳ. 24፥6፣10-13)። ሕጉ ዕዳን አልሰረዘም፤ ነገር ግን ድሃው የሚፈጭበትንና የሚተኛበትን አስከበረለት። በዚሁ መንፈስ በ1462 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ፔሩጃ ከተማ ድሆችን ከአራጣ የሚያድን የብድር ቤት በፍራንቸስካውያን ስብከት ተመሠረተ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994 እ.ኤ.አ. ለታላቁ ኢዮቤልዩ ዝግጅት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ የድሆች አገሮች ዕዳ ይቃለል ዘንድ ጥሪ አቅርበዋል። እኛ ይህን ከባለጸጎች አገሮች ስንጠብቅ፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ያበደርነውን ጎረቤት በገበያ መካከል የምናሳፍረው ከሆነ፣ ብዙ ተምሮለት ጥቂቱን ያልማረውን አገልጋይ እንመስላለን (ማቴ. 18፥23-35)።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ከእናንተ የሚፈለገው የገንዘብ ስጦታ አይደለም። የከሰረው ሰው ከቅዳሴ መቅረት ሲጀምር አስተውሉ፤ ኀፍረት ከሰው ይለያል፤ ከሰው የተለየም ተስፋ ወደ መቁረጥ ይደርሳል። ወደ ቤቱ ሂዱ፤ ለምን ከሰርህ ብላችሁ አትመርምሩት። ማንበብ ቢቸግረው ደብዳቤውን አንብቡለት፤ ወደ ባንክ ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ። በእድርና በእቁብ ከእኛ ጋር የተሳሰሩ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም በዚህ ሥራ ተባባሪዎቻችን ናቸው። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠለልበትን ኪራይ ቤት አብረን እንፈልግ፤ ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ እናስብ፤ በቤተ ክርስቲያንም የቀድሞ ቦታውንና ክብሩን አንንፈገው።

ጌታችን ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ አልነበረውም (ሉቃ. 9፥58)፤ ሆኖም በአባቱ ቤት ብዙ መኖሪያ እንዳለ ነገረን (ዮሐ. 14፥2)። ቤቱን ያጣ ወንድማችን ይህን ተስፋ የሚያምነው አስቀድሞ በእኛ ቤት በሩ ሲከፈትለት ነው። የምሕረት አባት እግዚአብሔር ባለዕዳውን በእውነት፣ አበዳሪውን በርኅራኄ፣ ሁላችንንም በፍቅር ያጽናን። አሜን።